ድረ ገጹን ያስከፈተው ገል

ጆሮ ያለው ይስማ፤ የቸኮለም ትንሽ አረፍ ይበል። ደብሪቱና ታናሽ እህቷ ስንቅነሽ የሸክላ ድስት ይሠሩ ነበር። ገበያው ጠፋና ስንቅነሽ፣ «እታለም፣ እኔስ ሙያውን ትቼ ከተማ ልገባ ነው» ብላ ጓዟን ጠቀለለች።

«ድረ ገጽ ከፍተን ላገሩ ሁሉ እንሸጣለን፤ እስኪከፈት ብቻ ታገሺኝ» አለቻት ደብሪቱ።

ድረ ገጹ ግን፣ «የደንብና ሁኔታዎች ገጽ ካልጨመርሽልኝ አልከፈትም። ድስቱ ቢሰበር ገዢው ምን ይሁን?» አላት።

ወደ ጠበቃው ሮጠች። «ጋሼ ልሳኑ፣ ገጹን ይጻፉልኝ፤ ያለ ገጽ ድረ ገጹ አልከፈትም አለ፣ ስንቅነሽም ልትሄድብኝ ነው።»

«ሹፌሩ አደርሳለሁ ሳይል ምኑን እጽፋለሁ?» አላት።

ወደ ሹፌሩ ሄደች። «ወንድም ግዛው፣ ጫንልኝ፤ ካልጫንክ ጠበቃው አልጽፍም አለ፣ ድረ ገጹ አልከፈትም አለ፣ ስንቅነሽም ልትሄድብኝ ነው።»

«ድስትሽ እኮ ገና ሞተር ሳላስነሳ ይሰነጠቃል» አላት።

ወደ ድስቱ ዞረች። «ጠንክርልኝ፤ ካልጠነከርክ ሹፌሩ አልጭንም አለ፣ ጠበቃው አልጽፍም አለ፣ ድረ ገጹ አልከፈትም አለ፣ ስንቅነሽም ልትሄድብኝ ነው።»

«ጭቃው ሳይዘኝ በምን ልጠንክር?» አላት ድስቱ።

ጭቃውን ለመነች። ጭቃው፣ «ገል፣ የድሮ ሸክላ ስባሪ፣ ወቅጠሽ ካላደባለቅሽብኝ አልይዝም። ቶሎ ልጨርስ ብለሽ ከተውሽው ሰነበትሽ» አላት። እውነቱን ነበር፤ ደብሪቱ አፈረች።

ከጓሮ፣ ስትረግጠው የኖረችው የስባሪ ክምር አጠገብ ተንበረከከች። «ገሌ፣ ግባልኝ፤ ካልገባህ ጭቃው አልይዝም አለ፣ ድስቱ አልጠነክርም አለ፣ ሹፌሩ አልጭንም አለ፣ ጠበቃው አልጽፍም አለ፣ ድረ ገጹ አልከፈትም አለ፣ ስንቅነሽም ልትሄድብኝ ነው።»

ገሉ፣ «እኔም ድስት ነበርኩ» አላት። «ከእንግዲህ የተሰበረውን አትጣዪ።»

«አልጥልም። የትም ይሰበር፣ ስባሪው ይመለስልኝ፤ እኔም አዲስ እሰጣለሁ» አለች።

ያኔ ገሉ ጭቃው ውስጥ ገባ፣ ጭቃው ድስቱን ያዘ፣ ድስቱ ጠነከረ፣ ሹፌሩ ጫነ፣ ጠበቃው ለገሉ የተገባውን ቃል እንዳለ ጻፈ፣ ገጹ ተጨመረ፣ ድረ ገጹ ተከፈተ።

ስንቅነሽ ከስልኳ ላይ፣ «ስባሪውን ይመልሱ፤ አዲስ ድስት ይወስዳሉ» የሚለውን አነበበች። ወደ ጓሮ ወጥታ ክምሩን ትኩር ብላ አየችው። «ይገርማል እታለም» አለች ቀስ ብላ፤ «ሁሉን ይዞ የኖረው ይሄ ነው ማለት ነው?»

ጓዟን ፈታች፤ ሙቀጫውንም ወደ ክምሩ አስጠጋች። እኔ እዚህ ላይ አበቃሁ፤ እናንተም ድስት ከሰበራችሁ ስባሪውን አደራ።