የዘሐራ ፍየልና የጋሽ ይማም ስልክ

ሰው ነገሩን ንቆ ዘው ብሎ ሲገባ በከተማችን በሐርቡ የሚወረወርበት አንድ አባባል አለ። ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ «የድሮ አባቶች ያሉት ነው» ይሏችኋል። ውሸት ነው! አባቶች ፈጽሞ አላሉትም። ከልጄ ከዘሐራ የመመረቂያ ሥራ የወጣ ነው። እኔ ሽቱ እዚያው ቆሜ አይቻለሁ፤ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ዘሐራ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ነው የተማረችው። በመጨረሻው ዓመት ተማሪ ሁሉ አንድ ነገር ሠርቶ አስተማሪዎቹ ፊት ያሳያል፤ ያላሳየ አይመረቅም። እሷ የስልክ ጨዋታ ሠራች። ኦግመንትድ ሪያሊቲ ይሉታል። የስልኩን ካሜራ ግቢያችሁ ላይ ስታነጣጥሩ ግቢው እንዳለ ይታያል፣ መሀሉ ላይ ግን የሌለች ፍየል ቆማለች። ጆሮዋን ታራግባለች፣ ታመሰኳለች። ስልኩን ዝቅ ብታደርጉት ባዶ መሬት ነው። ጨዋታው እንግዲህ እሷን መያዝ ነው።

ልጄ ዓመቱን ሙሉ ለፋችበት። ለዕረፍት ስትመጣ እንኳ የሰው ፍየል እግር በእግር እየተከተለች፣ እንዴት እንደምትደነብር፣ እንዴት አንገቷን እንደምትመዝዝ ስታይ ትውላለች። «የሽቱ ልጅ ተምራ ተምራ እረኛ ሆነች» ብለው ጎረቤቶች ሳቁ። ይሳቁ አልኩ።

ሥራዋን የምታሳይበት ፈተና ሳምንት ሲቀረው ስልኳ ወድቆ ተሰበረ። የእኔው ስልክ ከመደወል ሌላ ሥራ አያውቅም። ያንን ጨዋታ የሚሸከም ስልክ ያላቸው በሰፈሩ ጋሽ ይማም ብቻ ናቸው፤ የፍየል ነጋዴው። ልጃቸው ከጂዳ የላከላቸው ነው። ተያይዘን ግቢያቸው ሄድን።

«ጋሼ፣ ለፈተናው ቀን ብቻ ያውሱኝ» አለች ዘሐራ፣ ነገሩን ሁሉ ካስረዳቻቸው በኋላ።

ጋሽ ይማም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እኔን? ፍየልን በጨለማ በጠረኗ የምለየውን ሰውዬ ፍየል በስልክ ልታሳዪኝ? በይ ጫኚው! ያቺን ፍየልሽን ከያዝኳት ስልኬን ዳግም እንዳትጠይቂኝ። ካመለጠችኝ ይዘሽው ሂጂ።»

«እሺ» አለች፣ ዓይኗን እንኳ ሳታሽ።

ክንዷን ቆነጠጥኳት። «አንቺ ልጅ አበድሽ? ሰውየው ፍየል ሲይዙ አይደል እንዴ ያረጁት!»

«ፍየል ያውቃሉ፣ እማ። ይቺን የማውቃት ግን እኔ ነኝ።»

ከላፕቶፗ በገመድ አስተላልፋ ጫነችላቸው። ይህን ጊዜ ጎረቤት ወሬውን ሰምቶ አጥሩን ሞልቶታል። ልጄም ሳትደብቅ የመያዣውን ዘዴ ነገረቻቸው፦ «ጋሼ፣ ስልኩ ላይ ከታች ጨው አለልዎት። እሱን ነክተው ቀስ ብለው ይጠጓታል። ከተጣደፉ ትሸሻለች።»

«ጨው! ለእውነተኛዋ ፍየል ጨው እሰጣለሁ። ይቺማ ሥዕል ናት፤ ሥዕል የት አባቷ ትሄዳለች?» አሉና ስልኩን ወደፊት ዘርግተው ተወረወሩ።

ፍየሏ ሸሸች። ወደ ግራ አሉ፣ ወደ ቀኝ ዘለለች። እኛ የምናየው ባዶ ሜዳ ላይ የሚንደረደር ትልቅ ሰው ነው። የገዛ ፍየሎቻቸው ማመስኳታቸውን ትተው ያዩዋቸው ጀመር።

የሰፈሩ ትልቅ እናት እማማ ጦይባ ከአጥሩ ማዶ ጮኹ። «አንተ ይማም፣ ምን ነክቶህ ነው አየር የምታባርረው?»

«ፍየል ናት!»

«የታለች?»

«ስልኩ ውስጥ!»

«ታዲያ ስልኩን ይዘኸው የለም እንዴ?»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፤ ጋሽ ይማም ዓይናቸውን ከስልኩ ሳይነቅሉ ወደ ውሃ ገንዳው እየነጎዱ ነበር። ስልኩ ገንዳ ከገባ የልጄም ዓመት አብሮ ገባ። «ገንዳው!» ብዬ ሳልጨርስ ቧ! ሰውየው እስከ ወገባቸው ውሃው ውስጥ ቁጭ አሉ። ደግነቱ ክንዳቸው ወደ ሰማይ ተገትሮ ቀርቷል። ዘሐራ በርራ ስልኩን ከእጃቸው ነጠቀች።

«ይቺ ፍየል አትያዝም!» አሉ ውሃው እየተንጠባጠበ። «ልጅቱ አታልላኛለች!»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ዘሐራ ግን አጠገባቸው በርከክ ብላ እንዲያዩት ስልኩን ወደ እሳቸው አዘነበለችው። ጨዉን ነካች፣ ዝም ብላ ጠበቀች። ፍየሏ ከሩቅ አንገቷን መዘዘች። አንድ እርምጃ ቀረበች፣ ቆመች፣ አሸተተች። ከዚያ መጥታ ጨዉን ትልስ ጀመር። ዘሐራ ጣቷን ጣል ስታደርግ ገመድ አንገቷ ላይ ገባ።

«ወላሂ ትልሳለች!» አሉ ጋሽ ይማም፣ ርጥበታቸውን ረስተው። ደጋግመው አስላሷት። መጨረሻ ላይ ሲም ካርዳቸውን አውጥተው ስልኩን በሁለት እጃቸው ሰጧት።

በሳምንቱ ከአስተማሪዎቿ ፊት ቆማ አሳየች፣ አለፈችም። አንደኛው አስተማሪማ ስልኩን ይዞ ጨዉን እያስላሰ አዳራሹ ወለል ላይ ተንበርክኮ ቀረ አለችኝ። ጋሽ ይማም ዛሬም «በእኔ ስልክ ነው የተመረቀችው» እያሉ ገበያ ላይ ይኮራሉ፤ ይኩሩ፣ ፍየሏን የሠራችው ግን ከእኔ ማህፀን የወጣችው ናት።

ያን ዕለት ታዲያ ሱሪያቸውን እየጨመቁ ወደ ቤት ሊገቡ ሲሉ፣ እማማ ጦይባ ከአጥሩ ማዶ ተጣርተው እንዲህ አሏቸው፦ «ይማም! የሥዕል ፍየልም ጨው ትፈልጋለች።»