የጋሽ ባንተይርጋ የእሳት ፈቃድ

ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ሥራ ያለው ትንሽ ይታገሠን።

በአንዲት ትንሽ ከተማ ጋሽ ባንተይርጋ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ታላቅ እህታቸውን እትዬ ጠጅቱን ወባ ጥሏቸው፣ እህል ካፋቸው ከገባ ሦስት ቀን አልፎ ነበር። አንድ ረፋድ ላይ ግን ቀና አሉና፣ «ባንቴ፣ እሸት በቆሎ አማረኝ። ጓሮ በነደደ እሳት የተጠበሰ፣ ጭስ ጭስ የሚል» አሉ።

ጋሽ ባንተይርጋ በደስታ የመስኖ እሸት ከገበያ ገዝተው፣ ክብሪት ይዘው ብድግ! ግን በበጋ ያለ ፈቃድ ግቢ ውስጥ እሳት ማንደድ በከተማዋ ደንብ ክልክል ነው። ቀበሌ ሄዱ።

«ጎረቤትዎ ይፈርም፣ አባባ። ያለዚያ ማህተም አልመታም» አለች ጸሐፊዋ ምንትዋብ።

እንግዲህ ምንትዋብ አትመታም፣ እሳቱ አይነድም፣ በቆሎው አይጠበስም፣ እትዬ ጠጅቱም አይበሉ።

ጎረቤታቸው ፈንታሁን ራሱን አከከ። «ብፈርም ደስ ባለኝ ጋሼ። ግን አጥሩ ሥር ያለው ደረቅ ሣር ይታይዎታል? አንድ ብልጭታ ቢያርፍበት ቤቴ አመድ ነው። ይታጨድና እፈርማለሁ።»

ጋሽ ባንተይርጋ ማጭዳቸውን አነሡ። ዶልዱሟል፤ ሣሩን አበጠረው እንጂ አልቆረጠውም።

ማጭዱ አያጭድም፣ ፈንታሁን አይፈርምም፣ ምንትዋብ አትመታም፣ እሳቱ አይነድም፣ በቆሎው አይጠበስም፣ እትዬ ጠጅቱም አይበሉ።

«ይሄ እሳት ገብቶ መቀጥቀጥ አለበት» አለ ቀጥቃጩ አየልኝ። «ግን ውሃ የሞላ በርሜል አጠገቤ ከሌለ ወናፌን እንዳልነካ ታዝዣለሁ። በርሜሉ ይኸው፣ ባዶ ነው።»

አየልኝ አይቀጠቅጥም፣ ማጭዱ አያጭድም፣ ፈንታሁን አይፈርምም፣ ምንትዋብ አትመታም፣ እሳቱ አይነድም፣ በቆሎው አይጠበስም፣ እትዬ ጠጅቱም አይበሉ።

ውሃ አመላላሿ ደብሬ ዘንድ ሲደርሱ አህያዋ መንገድ ዳር ተኝታለች።

«ድርቆሽ ካለቀብኝ ሁለት ቀን ሆነ» አለች ደብሬ አንገቷን ደፍታ። «ብለምናትም ንቅንቅ አልል አለች፣ ጋሼ።»

ጋሽ ባንተይርጋ እግራቸውን እየጎተቱ ቤት ገቡ። በምን አፋቸው ይንገሯቸው? ግን አንዴ ሲጀምሩ ባንድ ትንፋሽ ወጣላቸው፦ «አህያዋ አትነሣም፣ በርሜሉ አይሞላም፣ አየልኝ አይቀጠቅጥም፣ ማጭዱ አያጭድም፣ ፈንታሁን አይፈርምም፣ ምንትዋብ አትመታም፣ እሳቱ አይነድም፣ በቆሎው አይጠበስም፣ አንቺም አትበዪ፣ እታለም!»

እትዬ ጠጅቱ ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «አንተ ሞኝ! እዚህ ሣር በዝቷል፣ እዚያ አህያ ተርባለች። ሁለቱን ማን አጣላቸው?»

ጋሽ ባንተይርጋ ከአጥሩ ሥር አንድ እፍኝ ሣር ነጭተው ወደ ደብሬ ሮጡ። ደብሬ አህያዋን በሣሩ እያባበለች አስነሥታ አመጣቻት። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! አህያዋ ሣሩን እስከ ሥሩ ጋጠች፣ ፈንታሁን ፈረመ፣ ምንትዋብ ማህተሟን ጧ! አደረገች። አህያዋም ጠግባ ውሃ አመጣች፤ አንድ ባልዲ ለጓሮው፣ የቀረው ለአየልኝ በርሜል። አየልኝ ወናፉን ነፋ፣ ማጭዱ እንደ ምላጭ ሆነ፤ የሚያጭደው ሣር ግን የት አለና! እሳቱ ነደደ፣ በቆሎው ተንጣጣ፣ እትዬ ጠጅቱም በሉ።

አንዱን ጨረሱ። ሁለተኛውን ጨረሱ። ሦስተኛው ላይ ጋሽ ባንተይርጋ እጃቸውን ሰደድ ሲያደርጉ ጥፊ አረፈባቸው።

«ለበሽተኛ ነው የተፈቀደው» አሉ እትዬ ጠጅቱ፣ አፋቸው ሙሉ እንደሆነ።