የኃላፊው ትራስ

ስሙንም ዓመቱንም ልሳሳት እችላለሁ፤ ብቻ አቶ ድንበሩ የሚባሉ የወረዳ ኃላፊ ሠራተኛውን ሰብስበው «ከእንግዲህ ማተብም ሂጃብም አድርጎ ቢሮ የሚገባ ይባረራል!» አሉ። ከወንበራቸው ሳይነሱም ለባለማተቧ የጽዳት ሠራተኛ መቀስ ወረወሩላት።

«በይ አንቺ ጀምሪ! ካልሆነ ከነገ ጀምሮ ሥራ የለሽም።»

ሦስት ልጆች የምታሳድገው በዚያው ሥራ ነውና ልቧ ደነገጠ፤ ምላሷ ግን አልደነገጠም።

«እሺ ጌታዬ፤ የኔ አንገቴ ላይ ነው፣ የትም አይሸሽም። መጀመሪያ እርስዎ አንድ አፍታ ይነሱልኝ። የተቀመጡበትን ትራስ ሳራግፍ ውስጡ ያየሁትን ክታብ፣ ያን ከሹመትዎ እንዳይነሱ ደብተራ የጻፈልዎትን፣ ላውጣው።»

አቶ ድንበሩ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «ስብሰባው አልቋል!» አሉ።

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው፤ እሷ ከነማተቧ ትጠርጋለች፣ ትራሱን ግን እሳቸው ራሳቸው ያራግፋሉ።