ብናኝ እና የእመት አህያ ጆሮ

አንድ ጊዜ ዝናብ በረሳው በረሃ መካከል አንድ ትልቅ ዋሻ ነበረ። ውጭው እንደ ምድጃ ሲግል ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር የሌሊት ወፎች ሞልተውታል። አንበሳ ዋሻውን ከልሎ እንስሳት ሁሉ እንዲጎበኙት ፈቀደና አንድ ሕግ አወጣ፤ በዋሻው ውስጥ ማንም ማንንም አይነክስም። ከሕጉ ሌላ አንድ የቆየ ልማድም ነበረ። ጎህ ሲቀድ፣ የሌሊት ወፎቹ እናቶች ምግብ ፍለጋ አድረው ሲመለሱ፣ እንግዳ ሁሉ ዝም ይላል። በዚያ ጨለማ እናት ልጇን የምትለየው በድምፁ ነውና።

አስጎብኚው ቀበሮ ነበር። ለምን ቀበሮ እንደተሾመ አንበሳን ጠይቁት፤ እኔ አላውቅም።

አንድ ቀን ጎህ ሊቀድ ሲል እመት አህያ ዋሻውን ልታይ መጣች። ዕድሜዋን በሙሉ በዚያ በረሃ ጨው የተሸከመች ናት። ውርንጭላዋም በዚያው መንገድ ላይ በውኃ ጥም ሞቶባታል። በሩ ላይ አያ ጅቦን ስታይ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«አይዞዎት፣ ይግቡ» አለ ቀበሮ። «አያ ጅቦ ዛሬ ጠግቦ ነው የመጣው።»

ጅብ ጠገበ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እሷም ሰምታ አታውቅም። ቢሆንም ሕጉን አምና ገባች።

ውስጥ ሲደርሱ ቀበሮ ወደ ጅብ ተጠግቶ አንሾካሾከ። «አያ ጅቦ፣ መሐል ላይ ቆመህ ብትጮህ የሌሊት ወፎቹ ሕፃናት ደንግጠው ይረግፋሉ።»

«ሕጉስ?»

«ሕጉ አትንከሱ ነው የሚለው። እነዚህ ትንንሾች ናቸው፤ ሳይነከሱ ይዋጣሉ።»

«ሳይነከሱ ይዋጣሉ!» አለ ጅብ በአድናቆት። መሐል ገብቶም «አውውው!» አለ።

«አውውው!» አለ ዋሻው ከየአቅጣጫው።

ጅብ ክው አለ። «እንዴ! ሌሎች ጅቦች ቀድመውኛል! ውጡ ከዚህ!»

«ውጡ ከዚህ!» አለ ዋሻው።

«እኔን ነው ውጣ የምትሉት?» ብሎ ጅብ ከገዛ ድምፁ ጋር ጠብ ገጠመ።

ሕፃናቱ ጣሪያውን የሙጥኝ አሉ። ከሁሉ የሚያንሰው ብናኝ ግን ጥፍሩ ከዳውና አሸዋው ላይ ወደቀ። በዚያው ሰዓት እናቶቹ ገቡ። የብናኝ እናት ሽውታ «ብናኝ! ብናኝዬ!» እያለች ዞረች፤ ጩኸቱ ድምፁን ዋጠባት።

እመት አህያ ግን ያ ረጅም ጆሮዋ ቀጭን ለቅሶ ያዘላት። ሄዳ ከሕፃኑ በላይ ቆመች። ቀበሮም ደረሰ።

«እመት አህያ፣ እግርዎን ያንሱልኝ።»

«ያነሳሁ እንደሆነ ጥርስህ ላይ ነው የማሳርፈው። ሕጉ መንከስን እንጂ መርገጥን አልከለከለም» አለችው። ሹክሹክታውን ሁሉ ሰምታ ነበር። ቀበሮ ወደ ኋላ አለ።

ጆሮዋን እስከ አሸዋው ዝቅ አደረገች። «ና ልጄ፣ ያዝ።» ብናኝ ጆሮዋ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። ጅብ ግን አሁንም ይጮኻል። እየፈራች ተጠጋችው።

«አያ ጅቦ፣ እነዚያ ጅቦች ያለህበትን የሚያውቁት ስትጮህ ነው። ዝም ብትል ሄደ ብለው ይተዋሉ።»

ጅብ አፉን ገጠመ። ዋሻውም ዝም አለ። «ፈሩኝ» አለ በልቡ።

አሁን የቀረው የራሷ ድምፅ ነው። አህያ ጎህ ሲቀድ ሳታናፋ አይሆንላትም። ልጇን ካጣች ወዲህ ደግሞ በየማለዳው እሱን የምትጠራው በዚያ ድምፅ ነበር፤ ማንም መልሶላት ባያውቅም። ጉሮሮዋ ድረስ መጣባት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ድምፁን ግን ዋጠችው።

«እማ» አለ ብናኝ።

ሽውታ ከዚያ ሁሉ መንጋ መካከል ተወርውራ መጥታ እመት አህያ ጆሮ ላይ አረፈች። ልጇን አሸተተችው፣ በክንፏም ሸፈነችው።

«እናቴ፣ ምን ላድርግልዎ?» አለች እያለቀሰች።

«ምንም። ትንሽ እዚሁ ቆዩልኝ። ልጅ ከተጠጋኝ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።»

ፀሐይ በደንብ እስክትወጣ እመት አህያ ጆሮዋን ሳታነቃንቅ ቆመች። ወሬው አንበሳ ዘንድ ሲደርስ ቀበሮ ከሹመቱ ተሻረ። ጅብ ዛሬም የጅብ መንጋ ብቻውን እንዳባረረ ያወራል። እመት አህያ ደግሞ ጨው ጭና በዚያ በኩል ባለፈች ቁጥር ደጁ ላይ ቆማ ታናፋለች፤ ከውስጥም አንድ ቀጭን ድምፅ ይመልስላታል።

ከዚህ የምንማረው የራሳችንን ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ብንገታ እናቱን የሚጣራ ደካማም ሰሚ እንደሚያገኝ፣ የእኛም ጥሪ አንድ ቀን መልስ እንደማያጣ ነው።