የአያ ጅቦ ጳጉሜ

በዚያ ጫካ የሚገዛው አንበሳ ደግ ነበር ይባላል። ደግነቱን የሚያወሩት እንግዲህ ያልተበሉት ናቸው። ወራቱን ለአራዊቱ አከፋፍሎ ነበር፤ መስከረም የድኩላ፣ ጥቅምት የጃርት፣ ሐምሌ የዝንጀሮ፣ ሌላውም እንዲሁ። ባለወር የሆነ ወገን በወሩ ከዙፋኑ ፊት ተሰልፎ የአባቶቹን ዘፈን ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ከላይኛው ምንጭም ይጠጣል። ወሩ ሲያልቅ አልቅት ወደሞላበት ወደ ታችኛው ኩሬ ይመለሳል። የላይኛውን ምንጭ የሚጠብቀው አያ ጅቦ ነው፤ እሱ ከነቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ ከዚያው ይጠጣል።

ስለ ወራቱ አንድ ሕግ ነበረ። ባለወሩ ባህሉን ሲያሳይ ማንም አይከልክለው፣ ማንም ጥሎ አይሂድ፣ ሁሉም እልል ይበል። ሕጉን ያወጣው አንበሳ ቢሆንም የለመኑት ደካሞቹ ራሳቸው ናቸው። ዝንጀሮ ሲጨፍር ነብር እየሳቀ ተነሥቶ ስለሄደ ከፍቷቸው ነበር። የተፈቀደላቸው ዕለት በደስታ አልቅሰዋል።

በሚያዝያ ኩሬው ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው ጉባኤ ተጠራ። አጋፋሪው ቀበሮ "ስለ ወራቱ ቅሬታ ያለው ይናገር" አለ። መጀመሪያ የተነሣችው እመት ድኩሊት ናት። ግልገሏ አጠገቧ ቆሞ ያስላል፤ ከኩሬው ሲጠጣ የገባ አልቅት ጉሮሮው ላይ ተጣብቆ ደም ያስተፋዋል።

"ጌታዬ፣ መስከረም ሲመጣ ውኃ በየሸለቆው ሞልቷል። ያኔ ምንጩ ቢከፈትልን ምን ይረባናል? የሚጠማን አሁን ነው። ወሩን ይውሰዱትና ምንጩን ይክፈቱልን። ልጄ እያየሁት ሊያልቅብኝ ነው።"

አንበሳ መልስ መስጠት አላስፈለገውም። ዝንጀሮ ዘሎ ተነሣ።

"ጉድ እኮ ነው! መስከረምን የመሰለ ወር ይዛ ታማርራለች! ለእኛ የደረሰን ሐምሌ ነው። በዚያ ዶፍ ማን ይጨፍራል? ማንስ ወጥቶ ያየናል? ካልፈለገችው ለእኛ ይሰጠን።"

"እናንተማ የሰው ወር ለምዶባችኋል" አለ ጃርት። "አምና በጥቅምት የእኛን ዘፈን የራሳችሁ አስመስላችሁ ዘፍናችኋል።"

ረፋዱ በዚህ አለቀ። የማን ወር ይበልጣል፣ የማን ዘፈን ይቀድማል ሲባባሉ ምንጩን ያነሣ አልነበረም። ድኩሊት ደጋግማ "ውኃውስ?" ብትልም ቀበሮ "ተራሽን ተናግረሻል፣ እናቴ" እያለ አስቀመጣት።

በዚህ መሐል አያ ጅቦ እያለቀሰ ተነሣ።

"እኔስ የዚህ ጫካ ልጅ አይደለሁም? ሁሉም ወር አለው፤ ለእኔ ዘር ግን አንዲት ቀን እንኳ የለችም። ልጆቼ 'አባባ፣ የእኛ ወር መቼ ነው?' ሲሉኝ ምን ልበላቸው?"

"አያ ጅቦ፣ አንተማ ዓመቱን ሙሉ ከምንጩ ትጠጣለህ" አለች ድኩሊት።

"እሱ ሥራዬ ነው፣ እመት። ክብር ሌላ ነው።"

ጃርት ጉሮሮውን ጠረገ። ፍርድ አዋቂ ነኝ ባይ ነው። "እውነቱን ነው። እኩልነት ካልን ለሁሉም ነው። ጳጉሜ እስካሁን ባለቤት የላትም፤ ለእሱ ትሁን። በዚያች ቁራጭ ወር ምን ያመጣል?"

እጅ ያለው እጁን፣ እጅ የሌለው ጅራቱን አወጣ። ዝንጀሮም ሐምሌውን ስላልነኩበት ደስ ብሎት ሁለቱንም እጆቹን አነሣ። ድኩሊት ብቻ "ለመሆኑ የአያ ጅቦ ባህል ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀች። ጃርት ተቆጣት፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ወገንን መናቅ ነው አላት። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። አንበሳውማ አንበሳ ነው፣ ምን ይባላል?

ክረምቱ ገባ። ግልገሉ ንጹሕ የዝናብ ውኃ እያገኘ አልቅቱ ለቀቀው፤ ሣር መጋጥ፣ መፈንጨት ጀመረ። ድኩሊትም ተርፎልኛል ብላ ነበር።

በጳጉሜ የመጨረሻ ቀን ሁሉም በሕጉ መሠረት አደባባይ ወጡ። አያ ጅቦ ከነልጆቹ እጅ ነሥቶ ጥቂት ጨፈረ፤ ጭፈራ አይችልበትም። ከዚያ "አሁን ዋናው ባህላችን" አለና ተመልካቹን ሲቃኝ ዐይኑ ግልገሉ ላይ ቆመ።

ድኩሊት ልጇን ከኋላዋ አድርጋ ደረቷን ሰጠች።

"ሕጉ ይከበር" አለ ቀበሮ። "ባለወሩን ማንም አይከልክል።"

"ዝንጀሮ! ጃርት! አንዳችሁ እንኳ አንድ ነገር በሉ!" ብላ ጮኸች። ዝንጀሮ ሰማይ ሰማዩን አየ። ጃርት ያን ሁሉ እሾህ ተሸክሞ መሬት መሬቱን አየ። የአንበሳ ዘቦች ገፍተው ከመንገድ አወጧት። ግልገሉ "እማዬ" ያለው አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የተሰማው እልልታ ነበር፤ መጀመሪያ ፈራ ተባ ያለ፣ ኋላ ግን ደመቅ ያለ።

በማግስቱ መስከረም ጠባ፤ የድኩላ ወር። ቀበሮ ታጥቦ የታጠፈ ትንሽ ቆዳ ይዞ ማልዶ መጣ።

"እንኳን አደረሰሽ፣ እመት ድኩሊት። ይህ ቅርሳችሁ በወራችሁ ከዙፋኑ በላይ እንዲሰቀል ጌታዬ ፈቅደዋል። ዘፈኑን የምታወጪው አንቺ ነሽ። እስከዚያ ጉሮሮሽን አርጥቢ፤ ምንጩ ክፍት ነው።"

ድኩሊት ወደ ላይኛው ምንጭ ወጣች። አያ ጅቦ በትሕትና መንገድ ለቀቀላት። ውኃው ጥርት ብሎ ከሥሩ ያለው ጠጠር ሁሉ ይታያል። አጎንብሳ ብዙ ቆየች፤ አልጠጣችም። ከታች ዝንጀሮ "ቶሎ በይ እንጂ! ሁላችንም አንቺን ነው የምንጠብቀው!" እያለ ይጣራል።