ሳይነኩ ማስነሳት

በአንድ አየር ማረፊያ ውስጥ የተጓዦችን ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች የምትተዳደር፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ነበረች። አንድ ቀን አዲሱ ኃላፊ አቶ ልሳነወርቅ አካል ጉዳተኛ ተጓዦች እንዴት እንደሚረዱ ሊያሠለጥኑ መጡ። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያስቀመጡትን ሠልጣኝ ምንም ሳይሉት በብብቱ ይዘው ብድግ አደረጉት።

«ጌታዬ፣ ተጓዥ ሳይፈቅድ አይነካም እኮ!» አለች ሴትዮዋ።

ሠልጣኞቹ ሳቁ። ኃላፊው ደማቸው ፈላና ራሳቸው ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ።

«እንግዲያው እኔ ተጓዥ ነኝ፤ አልፈቅድም! እኔንም ወንበሩንም ሳትነኪ አስነሺኝ። አለዚያ ከነገ ጀምሮ ሥራ የለሽም።»

ስድስት ዓመት የኖረችበት ሥራ ሊያመልጣት ነው። ጥቂት አሰበችና ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች።

«ጌታዬ፣ ወንበርዎ ላይ ሌላ ሰው ሊቀመጥ ነው።»

አቶ ልሳነወርቅ ተስፈንጥረው ተነሱ፤ ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለሉ ወደ ቢሯቸው ሮጡ። ቢሮው እንደተቆለፈ ነው። እያለከለኩ ተመለሱና «አንቺ ውሸታም! የታለ የሚቀመጠው ሰው?» ብለው ጮኹ።

«ይኸው ተቀመጥኩ» አለች፣ በተሽከርካሪው ወንበር ላይ ተደላድላ። «ማስነሳት ይችላሉ፤ መጀመሪያ ግን ያስፈቅዱኝ።»