ዝሆን የተመረጠ ጊዜ

ተረት ተረት፣ የላም ምሬት።

በአንድ ጫካ ዳር ዝሆንና እንቁራሪት ለአለቅነት ተወዳደሩ። ዝሆን በዚያ ለሚኖሩት ከብቶች፣ «ዛፉን ሁሉ ነቅዬ ግጦሽ አደርግላችኋለሁ» አላቸው።

እንቁራሪት በንዴት ድንጋይ ላይ ዘላ ወጣች። «ምንጩ የሚፈልቀው ከዛፎቹ ሥር ነው! ዛፉ ከተነቀለ ምን ልትጠጡ ነው?» ብላ ጮኸች።

ላም ሣቀችባት። «እሜቴ፣ እኛ የራበን እንጂ የጠማን አይደለንም፤ የውሃውን ሌላ ቀን ያወሩልናል።»

ዝሆን ተመረጠ፤ ዛፉም ተነቀለ። ሣሩ አንድ ክረምት አማረ። በጋ ሲገባ ግን ምንጩ ከነእንቁራሪቷ ደረቀ።

ላም እየተንገዳገደች ዝሆን ዘንድ ሄደች። «ጌታዬ፣ ጥጃዬ በውሃ ጥም ሊሞትብኝ ነው!» አለችው።

ዝሆንም፣ «ከተራራው ማዶ ወንዝ አለ። እኔ እግሬ ረጅም ነው፤ እደርሳለሁ» ብሎ ጀርባውን ሰጥቷት ሄደ።

ተረቴን መልሱ፣ ጉሮሮዬን በውሃ አርሱ።